«መሥራች» ስለሚለው ቃል፤ ላስታ፣ ዓሊቴናና የፈረንሳይ ሚሲዮን ታሪክ ጸሐፊዎች

የካቶሊክ ሃይማኖት በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠሮች እንዴት እንደ ተተከለ የሚተርኩት መጻሕፍት አብዛኞቹ አንድ ዐይነት አጀማመር አላቸው። በ1839 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከላዛሪስት ማኅበር የተላኩ አንድ ካህን ከምጽዋ ወደ ዐድዋ ይወጣሉ፤ ጥቂት ደቀ መዛሙርት ይሰበስባሉ፤ ከእርሳቸው በኋላ የሚመጡት ፈረንሳውያን ካህናት ቤተ ክርስቲያን ያሠራሉ፤ ቁምስና ይመሠርታሉ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ የመሥራቾቹ ታሪክ ይሆናል፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ተመሥርቶለት የተቀመጠ ባለ ዕድል ሆኖ ይቀራል። ይህን ታሪክ ከላስታ ተራሮች ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ግን አንድ ትልቅ ምዕራፍ እንደ ጐደለው ሳይረዳ አይቀርም። ላዛሪስቶቹ ከመምጣታቸው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይኸው ሃይማኖት በንጉሥ ትእዛዝ በመጣ ጊዜ በጦር የመለሰው አገር ላስታ ነውና። በላስታ የተገፋው ነገር በአጋሜ ቈላ፣ በኢሮብ አገር በዓሊቴና፣ ተቀባይነት አግኝቶ እስከ ዛሬ ጸንቶ የኖረው ስለ ምንድን ነው? የሚሲዮን ታሪክ ጸሐፊዎች መልስ ያላገኙለት ብቻ ሳይሆን ጥያቄ አድርገው ያላቀረቡት ጉዳይ ይህ ነው።

ጉድለቱ በተለይ ጐልቶ የሚታየው በዣን ባፕቲስት ኩልቦ ሥራ ነው። ኩልቦ (1843–1921) ፈረንሳዊ ላዛሪስት ሲሆኑ በሰሜኑ አገር ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ትግርኛንም ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበር ከሽራይበር ጋር ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት ይመሰክራል። ከጥንት ጀምሮ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ንግሥ ድረስ ያለውን የኢትዮጵያን የፖለቲካና የሃይማኖት ታሪክ የያዘው ሰፊ መጽሐፋቸው ከሞታቸው በኋላ በ1929 በፓሪስ ታተመ። መጽሐፉን አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ጸሐፊው ከአገሩ ሰው ጋር በአገሩ ቋንቋ ተነጋግረው የሰሙትን አለ፤ በዐይናቸው ያዩት አለ፤ በሌላ ስፍራ የማይገኝም አለ። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ነገሥታት፣ ጳጳሳትና ሚሲዮናውያን ናቸው። ገበሬውና ከብት አርቢው ብቅ የሚሉት ሲያምኑ ወይም ሲያምፁ ብቻ ነው፤ ለምን እንዳመኑ ወይም ለምን እንዳመፁ ሲጠየቅም መልሱ ዘወትር በሌላ ሰው ሥራ ይገለጣል፤ ካመኑ ሚሲዮናዊው ስለ ሰበካቸው፣ ካመፁ መነኵሴው ስላነሣሣቸው ነው። ይህ የኩልቦ ብቻ ጥፋት አይደለም። ማኅበሩ ከ1834 ጀምሮ በፓሪስ ያሳትማቸው በነበሩት የሚሲዮን ደብዳቤዎች ውስጥም ያው መልክ አለ። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት በፈረንሳይ አገር ሆኖ ገንዘብ ለሚሰጠው ምእመን ነበር፤ ገንዘብ ሰጪው ደግሞ በስጦታው የተሠራውን ሥራ መስማት ይፈልጋል፤ ስለ ኢሮብ የርስት ሕግ የሚያስጨንቀው ነገር የለም። ለዚህ ዐይነት አንባቢ የተጻፈ ደብዳቤ በኋላ ዘመን ምንጭ ሆኖ ሲያገለግል የዓላማው ጠባብነት አብሮት ይተላለፋል።

ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ላስታ መመለስ ያስፈልጋል። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳዊው በፔድሮ ፓኤዝ ትምህርት ተስበው በ1622 የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። ፓኤዝ ከ1603 ጀምሮ በአገሩ የኖሩ፣ ቋንቋውንና ልማዱን ያጠኑ፣ በትዕግሥት የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ ንጉሡ ሃይማኖታቸውን በገለጡበት በዚያው ዓመት ግን ሞቱ። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በጠባያቸው ከፓኤዝ ፈጽሞ የተለዩ ነበሩ። በ1626 በደንቀዝ ንጉሡ፣ መሳፍንቱና ካህናቱ ለሮማ መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ትእዛዞች የሕዝቡን ኑሮ ከሥሩ የሚነኩ ሆኑ። የተጠመቀው ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህኑ ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዳግመኛ እንዲባረክ፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ አቈጣጠር እንዲሆን፣ ግዝረት እንዲቀር ታዘዘ።

የታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ትእዛዞች እንደ ዝርዝር ጠቅሰው ያልፏቸዋል። አንድ የላስታ ገበሬ እንዴት ሊሰማቸው እንደሚችል ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ዳግመኛ መጠመቅ ግድ ከሆነ የሞተው አባቱ ሳይጠመቅ ሞቷል ማለት ነው። ካህኑ ዳግመኛ ክህነት የሚቀበል ከሆነ ያቈረባቸው፣ ያጋባቸው፣ የፈታቸው ሁሉ ከንቱ ነበረ። ታቦቱ ያደረበት መቅደስ እንደ አዲስ የሚባረክ ከሆነ ንጉሥ ላሊበላ ከአንድ ዐለት ያስፈለፈላቸው አብያተ ክርስቲያናት እስከዚያ ቀን ድረስ ድንጋይ ብቻ ነበሩ ማለት ነው። የአቈጣጠሩ ነገር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። በላስታ ልማድ የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን፣ በታኅሣሥ 29፣ የሚከበሩ ናቸው። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ዐለት አፋፍ ላይና ከሥሩ ሆነው ሲዘምሩ የሚያየው ሕዝብ ከሩቅ አገር በእግሩ ተጉዞ የመጣ ነው። የዓመቱ ዙር ሲናጋ ጾሙ፣ ገበያው፣ ዝክሩና ማኅበሩ አብረው ይናጋሉ። በደንቀዝ ግቢ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተደረገው ክርክር ለላስታ ገበሬ የራቀ ነበር፤ አባቱን ያልተጠመቀ የሚያደርግበት ትእዛዝ ግን ቅርቡ ነው።

በ1629 ገደማ ላስታ መልክአ ክርስቶስ የተባለውን ከነገሥታት ዘር የተወለደ ሰው መሪ አድርጎ ተነሣ። ከንጉሡ ሠራዊት ጋር የተደረገው ውጊያ ሦስት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ በሰኔ ወር 1632 በወይና ደጋ ላይ የላስታ ሠራዊት ተሸነፈ፤ የሞቱት ስምንት ሺህ ያህል እንደ ነበሩ ተጽፏል። ድሉ ግን ለንጉሡ ሽንፈት ሆነ። ከሜዳው ላይ የወደቁት እስላምም አረመኔም ሳይሆኑ የገዛ አገሩ ክርስቲያኖች መሆናቸውን መኳንንቱ ለንጉሡ እንዳሳዩዋቸው የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች ራሳቸው ይተርካሉ። ሱስንዮስ በዚያው ወር የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በመስከረምም ሞቱ።

የዚህ ታሪክ ምንጮች እነማን እንደ ሆኑ መመልከት ይገባል። የሱስንዮስን ዜና መዋዕል አባ መሐረከ ድንግል ጀመሩት፤ ጢኖ በሚባል ስም የታወቁት አዛዥ ተክለ ሥላሴ ቀጠሉት፤ ጢኖ ደግሞ የሮማ ሃይማኖት ወገን ነበሩ። በአውሮፓ በኩል ያሉት ምስክሮች አልሜዳ፣ ሎቦና ሜንዴዝ ራሳቸው ናቸው። የላስታ ሰዎች በገዛ አፋቸው ለምን እንደ ተነሡ የጻፉት አንድም ነገር በእነዚህ ውስጥ የለም። ስለ ላስታ የሚታወቀው ሁሉ የመጣው ከጠላቶቹ ወይም ከተሸነፉት ወገኖች ነው፤ ይህን ሳያስገነዝብ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያሳስታል።

በዚህ ስፍራ ሌላው ወገን የሚተርከውንም ታሪክ መመርመር ተገቢ ነው። በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ የላስታ ዐመፅ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለተዋሕዶ ሃይማኖት እንደ ተደረገ ተጋድሎ ብቻ ሆኖ ነው። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሃይማኖቱ ሲመለስ ላስታ ጦሩን ባስቀመጠ ነበር። ነገር ግን ዐፄ ፋሲለደስ ከነገሡ፣ ኢየሱሳውያኑም ከተሰደዱ በኋላ መልክአ ክርስቶስና ላስታ ከአዲሱ ንጉሥ ጋር በ1630ዎቹ ዓመታት መዋጋታቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ በዐመፁ ውስጥ ከሃይማኖት ሌላ ነገር ነበረበት። የዛጔ መንግሥት መናገሻ የነበረ ደጋ ከጣና አካባቢ በሚላክ ገዢና ግብር ሰብሳቢ ሥር መውደቁ፣ ዝናሩ ላይ ያለው ተራራ ምሽጉ መሆኑ፣ ከዙፋኑ የራቀ መሆኑ ሁሉ ሊታሰብ ይገባዋል። የሃይማኖቱ ትእዛዝ የነበረውን ቂም አንድ ስም ሰጠው፤ ቂሙን ግን አልፈጠረውም። የካቶሊክ ጸሐፊዎች ዐመፁን የመነኰሳት ሤራ ሲያደርጉት፣ የእኛዎቹ ደግሞ የሰማዕታት ሠራዊት ሲያደርጉት፣ ሁለቱም የላስታን ሰው ከገዛ ምክንያቱ ይለዩታል።

ወደ 1839 ስንሸጋገር መልኩ የተለወጠ ነው። ከፈረንሳዊው ከአንቷን ዳባዲ ጋር የመጡት ጣሊያናዊው ካህን ጁሴፔ ሳፔቶ በዐድዋ ቀርተው መንገዱን ከጠረጉ በኋላ ዩስቲኖ ደ ያቆቢስ መጡ፤ የአገሩ ሰው አቡነ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራቸው እርሳቸው ናቸው። በ1800 በደቡብ ጣሊያን በሳን ፌሌ ተወለዱ፤ ማኅበራቸው ዋና ቤቱን በፓሪስ ያደረገ የፈረንሳይ ማኅበር ነበር። «የፈረንሳይ ሚሲዮን» የሚለው ስም የመጣው ከዚህና የፈረንሳይ ቆንስላዎች በምጽዋ ከሰጡት ጥበቃ ነው። ያም ሆነ ይህ መሥራቹ ፈረንሳዊ አልነበሩም። በስሙ ላይ ያለው የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ሲሆን ከሦስቱ ስሕተቶች ቀላሉ ነው።

አቡነ ያዕቆብ ከሜንዴዝ የሚለዩበት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊገለጥ ይችላል፤ ቅዳሴውን፣ ጾሙንና በዓሉን አልነኩም። ግእዝ የቅዳሴው ቋንቋ ሆኖ ቀረ፤ አገሬው ካህን በአገሩ ሥርዓት ተቀባ፤ ሚሲዮናዊው ራሳቸው የኢትዮጵያ መነኵሴ ልብስ ለብሰው፣ እንደ አገሩ ጾመው ኖሩ። በጓላ፣ ከዐዲግራት አጠገብ፣ የከፈቱት የክህነት ትምህርት ቤት የተዘጋጀው ለአገር ልጆች ነበር። በ1849 በምጽዋ በጉልየልሞ ማሳያ እጅ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ ትልቁ ጥቅሙ ካህናትን መሾም መቻላቸው ነበር። ከተሾሙት ዋናው የጐጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ገብረ ሚካኤል የተዋሕዶን መጻሕፍት ተምረው ያስተማሩ፣ ስለ ሃይማኖት ክርክር እውነቱን ፍለጋ ብዙ አገር የዞሩ ሰው ሲሆኑ በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከሄደው መልእክተኛ ጋር ነበሩ፤ ያንኑ ጉዞ የመሩት በደጃዝማች ውቤ ጥያቄ አቡነ ያዕቆብ ናቸው። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ቀሰሱ፤ በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ እስር ሳሉ ሞቱ። ሚሲዮኑ በአማርኛ ያሰናዳው ትምህርተ ክርስቶስ የእርሳቸው እጅ ያለበት ነው። እንግዲህ ሁለተኛው ስሕተት ግልጥ ይሆናል፤ ትምህርቱን ለገበሬው ያደረሱት፣ ቋንቋውን ያስገዙት፣ በእስር የሞቱትም በብዛት ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ይህን ከውስጥ ያዩት አባ ተክለ ሃይማኖት ዘዐድዋ ጽፈውታል። አባ ተክለ ሃይማኖት የአቡነ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር ሲሆኑ ያዩትንና የሰሙትን በአገር ቋንቋ ጻፉ፤ ጽሑፉ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ተተርጉሞ ወጣ። ከኩልቦ ጋር ሲነጻጸር መጽሐፉ አነስተኛ ነው፤ ሰፊ ታሪክ አይደለም፤ በትዝታ የተጻፈ፣ ቅድስናን ለመመስከር የታሰበም ስለ ሆነ ሊቃውንት እንደ ገድል ቈጥረው ወደ ጐን ያደርጉታል። ሆኖም ኩልቦ ያላዩት ነገር በውስጡ አለ። በእርሱ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ መሥራች አይደሉም፤ እንግዳ ናቸው፤ ያስተናገዷቸው፣ የተከራከሯቸው፣ የሸሸጓቸውና አሳልፈው የሰጧቸው የአገሩ ሰዎች ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ገድል ተብሎ የተናቀው መጽሐፍ ለኅብረተሰብ ጥናት ከታሪኩ መጽሐፍ ይልቅ የሚጠቅም ሆኖ መገኘቱ ለታሪክ ጸሐፊዎች ደስ የማያሰኝ ነገር ነው።

ዓሊቴና በአጋሜ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ቈላ በሚሰበርበት ገደልና ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ነዋሪው ኢሮብ ቋንቋው ሳሆ ነው፤ ኑሮው በከብት፣ በፍየል፣ በንብና በገደል ጥግ በሚታረስ ጠባብ መሬት ላይ የቆመ ነው፤ ማሩ በትግራይ ሁሉ የታወቀ ነው። የኢሮብ ሕዝብ በትውልድ ሐረግ የተደራጀ ነው፤ የአጋሜው ደጃዝማች ሰባጋዲስ ወልዱ ከዚሁ ዘር ናቸው። ከላይ ትግርኛ ተናጋሪው ክርስቲያን ደገኛ፣ ከታች እስላሙ አፋር አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያሳደዷቸው ደቂቀ እስጢፋኖስ መጠጊያ ያደረጉት ጉንዳ ጉንዴ ገዳምም በዚሁ ዳር አገር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ኢሮብ በተፈጥሮው ከቤተ መንግሥት ሃይማኖት የሚያፈነግጥ ሕዝብ ነው ብሎ መደምደም ግን ልክ አይሆንም፤ ደቂቀ እስጢፋኖስ መነኰሳት ነበሩ፤ ኢሮብ ደግሞ ባለ ርስትና ባለ ከብት ነው።

በ1840ዎቹ ዓመታት የላዛሪስቶቹ ትምህርት ወደዚህ አገር ሲደርስ ከላስታው የ1626 ትእዛዝ ጋር የሚነጻጸርባቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ። ንጉሥ አላዘዘውም፤ እንዲያውም የጊዜው ገዢዎችና ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ይቃወሙት ነበር። ካህኑ በሚቀድስበት ግእዝ፣ በሚጾመው ጾም፣ በሚያከብረው በዓል ለውጥ አላመጣም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ከኢሮብ ርስት አንዲት ክንድ መሬት አልወሰደም። እንዲህ ባለ ሕዝብ ዘንድ ሃይማኖት መለወጥ የአንድ ሰው የልብ ጉዳይ ሊሆን አይችልም፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር ግጦሹን፣ ደሙንና ካሳውን ይጋራልና ሐረጉ ተማክሮ የሚወስነው ነገር ነው። ስለዚህ ቁምስናው ተመሠረተ ከማለት ይልቅ ኢሮቦች እንግዳውን ካህን በቃል ኪዳን አስገቡት ማለት ለነገሩ የቀረበ ነው። የአማርኛው «መሠረተ» ከታች ድንጋይ አኑሮ መነሣትን ያመለክታል፤ በዓሊቴና ድንጋዩ አስቀድሞ የተቀመጠ ነበር። አባት ከሌላ አገር ሊመጣ ይችላል፤ ቤቱ ግን የማን እንደ ሆነ በኢሮብ ዘንድ አጠያያቂ አልነበረም።

ከፈረንሳይ ጋር ያለው ወዳጅነት ቁምስናውን ከመጥቀም ይልቅ ምን ያህል ያስጨነቀው እንደ ነበር በሚቀጥሉት ዓመታት ታየ። ውቤ በ1855 በደረስጌ ከተሸነፉ በኋላ የእኅታቸው ልጅ አገው ንጉሤ በትግራይ ተነሡ፤ ወደ ሮማና ወደ ፓሪስ መልእክተኛ ላኩ፤ ለናፖሌዎን ሦስተኛ በቀይ ባሕር ዳር ዙላን ሊሰጡ ተስማሙ። ሚሲዮናውያኑ ከንጉሤ ጋር ስለ ቆሙ ካቶሊክ መሆን ለአንድ ባላጋራ መሳፍንት ወገን መሆን መሰለ። እርዳታው አልመጣም፤ ቴዎድሮስ በ1861 ንጉሤን ይዘው ገደሉ። አቡነ ያዕቆብ ይህን ፍጻሜ ሳያዩ በሐምሌ 31 ቀን 1860 በምጽዋና በሄቦ መካከል በመንገድ ላይ ሞተዋል። በዐፄ ዮሐንስም ዘመን፣ በተለይም ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ የሃይማኖት አንድነት የመንግሥት ሕግ ሆኖ ሳለ በትግራይ ካቶሊክ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። ዓሊቴና በዚህ ሁሉ የጸናው በፓሪስ ጥበቃ ሳይሆን በሸለቆው ጥልቀትና በዘመዱ ብዛት ነው።

ሦስተኛው ስሕተት «ሰፋሪ» የሚለው ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ ጽሑፎች ሚሲዮናውያኑ አገር ሊያቀኑ እንደ መጡ ገበሬዎች ሆነው ይታያሉ፤ በካናዳ ወይም በአልጄሪያ የተለመደው የፈረንሳይ ገጠር ቁምስና ታሪክ በትግራይ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። በእነዚያ አገሮች በእርግጥ ሰፋሪው ይቀድማል፤ መሬት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ለራሱ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፤ ካህንም ይለምናል። በሰሜን ኢትዮጵያ ይህ የተሞከረው በሌላ ስፍራ ነው፤ ያገኘውም ፍሬ ትምህርት ሰጪ ነው። ጆቫኒ ስቴላ የተባሉት ጣሊያናዊ ላዛሪስት በ1867 በቦጎስ አገር በሾተል የጣሊያን ገበሬዎች ሰፈር አቋቋሙ፤ ሰፈሩ ስቴላ በ1869 ከሞቱ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ፈረሰ። በቦጎስ የቀረው የቢለን ካቶሊክ ምእመን ነው እንጂ ሰፋሪው አይደለም።

ከዚህ የከፋው በ1890ዎቹ መጣ። የጣሊያን መንግሥት በኤርትራ ደጋ መሬት እየነጠቀ ለጣሊያን ገበሬዎች ሊሰጥ ሲነሣ፣ በፍራንኬቲ መሪነት በጐዶፈላሲና በአካባቢው ሰፋሪ ማስገባት ሲጀምር፣ በታኅሣሥ 1894 በጦር የተነሣበት ሰው የሰገነይቲው ባህታ ሐጐስ ነው። ባህታ ካቶሊክ ነበር። የጣሊያን ገዢዎች ራሳቸው በአከለ ጉዛይ ላይ የሾሙት ሰው ነበር። ሃይማኖቱን ከሚጋራው ንጉሥ ጋር የተጣላው በርስት ነው፤ በሐላይም ተዋግቶ ሞተ። ጣሊያኖቹ የፈረንሳይ ላዛሪስቶችን በዐመፁ ጠርጥረው በ1895 መጀመሪያ ከኤርትራ አስወጧቸው፤ በስፍራቸው የጣሊያን ካፑቺኖች ተተኩ። ላዛሪስቶቹ ከዚያ ወዲህ ሥራቸውን የቀጠሉት በኢትዮጵያ በኩል፣ በዓሊቴና ዙሪያ ነው።

የ1632ቱን ላስታና የ1894ቱን ሰገነይቲ ጐን ለጐን ያቆመ የታሪክ ጸሐፊ እምብዛም አይገኝም፤ አንደኛው በተዋሕዶ ታሪክ፣ ሁለተኛው በጸረ ቅኝ ግዛት ታሪክ ክፍል ተለይተው ተቀምጠዋልና። ይሁን እንጂ አንዱ የሌላውን ምክንያት ያበራል። ላስታ ካቶሊክ ያልሆነ ሕዝብ ሆኖ በካቶሊክ ንጉሥ ላይ ተነሣ፤ ባህታ ካቶሊክ ሆኖ በካቶሊክ መንግሥት ላይ ተነሣ። እምነቱ ብቻ ምክንያት ቢሆን ሁለተኛው ሊሆን ባልቻለ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ከውጭ የመጣው ኀይል ገበሬው የእኔ ነው የሚለውን ነካ፤ በላስታ የአባቱን ጥምቀትና የዓመቱን በዓል፣ በአከለ ጉዛይ መሬቱን። በዓሊቴና ከሁለቱ አንዱም አልተነካም።

ላስታ ከ1632 ወዲህ ከፈረንሳውያን ጋር የነበረው ግንኙነት የሌላ ዐይነት ነው፤ ለንጽጽሩም ይጠቅማል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱን አይተው፣ አንባቢ አያምነኝም ብለው ስለ ሠጉ የጻፉትን በመሐላ አጽንተዋል። ከፈረንሳውያን መካከል በምጽዋ የአገራቸው ምክትል ቆንስላ የነበሩት አሺል ራፍሬ ላሊበላን አይተው በ1882 በፓሪስ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ዡል ፔሩሾን ደግሞ በ1892 የላሊበላን ገድል ከግእዙ ጋር በፈረንሳይኛ አወጡ። ሁለቱም ሥራዎች ዛሬም ይጠቅማሉ። ፈረንሳይ በላስታ መጽሐፍ እንጂ ቁምስና አላቆመችም። እስከ ዛሬም ዓሊቴናን የመሰለ የገጠር ካቶሊካዊ ማኅበር በላስታ ሥር አልሰደደም፤ በሰሜን ወሎ ያሉት ካቶሊኮች በ2015 የተቋቋመው የባሕር ዳርና የደሴ ሀገረ ስብከት ክፍል ናቸው፤ ዓሊቴና ግን በ1961 የተቋቋመው የዐዲግራት ሀገረ ስብከት የቆየ እምብርት ነው።

ከኩልቦ በኋላ የተጻፉት ሥራዎች ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፍተውታል። ዶናልድ ክረሚ በ1972 ያሳተሙት ስለ ሚሲዮናውያንና ስለ ፖለቲከኞች የሚናገረው መጽሐፍ የፕሮቴስታንቱንና የካቶሊኩን ሚሲዮን በአንድነት መርምሮ ሃይማኖቱ ከመሳፍንቱ ፖለቲካ ጋር እንዴት እንደ ተጠላለፈ አሳይቷል፤ በዚህ ረገድ የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን በ1868 ያቆማል፤ ትኵረቱም በአደባባይ ነው። ኬቪን ኦማሆኒ በሦስት ክፍል የጻፉት የአቢሲኒያ ሐዋርያዊ አስተዳደር ታሪክ ከማኅበሩ መዛግብት ብዙ ነገር አውጥቷል፤ ሰፊና በትጋት የተሠራ ነው፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚሲዮናዊው ስለ ሆነ ዐይኑም የሚሲዮናዊው ሆኗል። በፈረንሳይኛ ደብዳቤ ውስጥ «የእኛ ሕዝብ» የተባለውን በሳሆ ቋንቋ ምን እንደሚባል የጠየቀ ገና አልተገኘም። በአጋሜ ገደል ላይ ዛሬ የሞላውን በለስ ያመጡት የካቶሊክ ካህናት ናቸው ተብሎ ይነገራል፤ በችጋር ጊዜ የስንቱን ነፍስ እንዳቈየ የሚያውቀው ሽማግሌ ስለ በለስ ሲናገር ስለ ሚሲዮኑም አብሮ ይናገራል፤ ይህም ታሪክ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሥራ ወደ ፓሪስ መዛግብት ከመመለሱ በፊት በሁለት ስፍራ መጀመር አለበት። በዓሊቴና የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች አሉ፤ የትኛው ሐረግ መቼ እንደ ገባ፣ ከየትኛው ሐረግ ጋር እንደ ተጋባ ከእነርሱ ሊወጣ ይችላል፤ በሳሆ የሚነገረው የትውልድ ቈጠራ ከመዝገቡ ጋር ሲገጠም ስለ ቃል ኪዳኑ ከማንኛውም ደብዳቤ የተሻለ ይናገራል። ኢሮብ ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው ጦርነት በኤርትራ ሠራዊት ተይዞ ነበር፤ ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በነበረውም ጦርነት ተጐድቷል፤ ሽማግሌውም መዝገቡም ዘላለም አይጠብቁም። በላስታ በኩል ደግሞ በየደብሩ ወንጌላት ኅዳግ ላይ የተጻፉት የጉልትና የርስት ማስታወሻዎች ሊነበቡ ይገባል፤ በ1620ዎቹ ከመሬቱ ማን ተነቀለ፣ ማን ተተከለ የሚለው ጥያቄ በጢኖም በሜንዴዝም ዘንድ መልስ የለውም፤ ምናልባት በአንድ የቈዳ ገጽ ዳርቻ ላይ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። የአባ ተክለ ሃይማኖትም ጽሑፍ ከትርጉሙ ተነጥሎ በተጻፈበት ቋንቋ፣ በማስታወሻና በማብራሪያ፣ ለተማሪ እጅ በሚደርስ ዋጋ መታተም አለበት።